ስማቸው አንድ የነበሩ ሁለት ሴቶች

ሴትዮዋ ከሞተች ሦስት ወር ካለፈ በኋላ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር የላቦራቶሪ ኃላፊዋን ቢሮው አስጠራት። ለሆስፒታሉ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት የሚመርጥ ኮሚቴ መቋቋሙንና እሷም አባል መሆኗን ነገራት። "እሺ" አለች። በዚያ ሰሞን ለማንም ለምንም የምትሰጠው መልስ ይኸው ነበር። ፈረቃ ቀይሪልኝ ሲሏት እሺ፣ ምሳ እንብላ ሲሏት እሺ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ሲሏትም እሺ።

ማይክሮ ይሏታል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ከማጎንበሷ ብዛት አንገቷ እንደዚያው ቀርቶ፣ ሰው ስታነጋግር እንኳ ዝቅ ብላ አንድ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። እኩዮቿ ማይክሮ፣ ወጣቶቹ እትዬ ማይክሮ ሲሏት ቅጽል ስሙ የመዝገብ ስሟን አስረሳው። ድሮ ቀልደኛ ነበረች። ኮራ ያለ ሐኪም ሲገጥማት "እኔ ፊት አትኮራብኝ፣ ሽንትህን አይቼዋለሁ" ትለውና ኮሪደሩን በሳቅ ትሞላው ነበር። አሁን ስታልፍ ሰው ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፋታል።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ላቦራቶሪው ውስጥ የሁለት ሴቶች ደም ገባ። የሁለቱም ስም አንድ ነው፤ የአባታቸውም ስም አንድ። አንደኛዋ የስድሳ አንድ ዓመት እናት፣ የቆየ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ለክትትል ከቤታቸው የመጡ ናቸው። ሁለተኛዋ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የሐሞት ጠጠር በቀዶ ጥገና ወጥቶላት ገና አልጋ ላይ ናት። የእናትየዋ ስኳር አራት መቶ አሥራ ስምንት፣ የወጣቷ ዘጠና ሁለት። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ መዝገቡም ላይ ቁጥሩ በትክክል ሰፍሯል። ማይክሮ የተሳሳተችው ከመዝገቡ ወደ ውጤት ወረቀቱ ስትገለብጥ ነው። "ቀዶ ጥገና ክፍል" ተብሎ በተጻፈበት ወረቀት ላይ አራት መቶ አሥራ ስምንት ብላ አሰፈረች፤ በገዛ እጇ፣ በዚያ ሁሉም በሚያደንቀው ጽሕፈቷ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ያነበቡትን አምነው ወጣቷን ኢንሱሊን ወጓት። የሌላትን ስኳር አወረዱባት። ዓይኗን ስትከድን የሕመም ማስታገሻው ነው ያስተኛት አሉ። ከሰዓት በኋላ ሊቀሰቅሷት ቢሄዱ አልነቃችም። እናትየዋ በበኩላቸው ዘጠና ሁለት የሚል ወረቀት ይዘው፣ ሐኪማቸውን መርቀው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ አሥራ አራት ገጽ ጻፈ። "የአሠራር ክፍተት" የማይልበት ገጽ አልነበረውም። ማንንም አልወቀሰም፤ ችግሩ ሥራው በእጅ መሠራቱ ነው፣ መድኃኒቱም ኮምፒውተር ነው ብሎ ደመደመ። ለሟች ባል "ከቀዶ ጥገና በኋላ ያጋጠመ ድንገተኛ ሁኔታ" የሚል ደብዳቤ ተሰጠው። የማይክሮ ደመወዝ አልተቆረጠም፤ ወንበሯም አልተነካም። ቢቀጧት ይሻላት ነበር ብለው የሚያወሩ ነበሩ። እሷ ግን ይሻለኛል የምትለው ነገር አልነበራትም። ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ የወጋው ጉንጭ ቢነክሱት እንደማይሰማ ሁሉ፣ ውስጧ የሆነ ቦታ ደንዝዞ ቀረ። አላለቀሰችም። አንድ ቀን ከማምከኛው የወጣ ትኩስ ትሪ በባዶ እጇ አንስታ ጠረጴዛው ድረስ ወሰደችው። መዳፏን ያየችው ባልደረባዋ ስትጮህ ነው።

ሶፍትዌር የሚመርጠው ኮሚቴ አምስት ሰው ነበር፤ ዳይሬክተሩ፣ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የነርሶች አለቃ የሆነችው ማትሮን፣ ፋርማሲስቱና ማይክሮ። ማስታወቂያ ወጣ። ሰባት ድርጅቶች ሰነድ አስገቡ። ሰነዶቹ ጠረጴዛው ላይ ሲከመሩ ማትሮኗ "ይኼን ሁሉ ለሚያነብ ሰው ከወዲሁ አልጋ ይያዝለት" አለች። ሁሉም ሳቀ። ማይክሮም ጥርሷን አሳየች፤ የሚሳቅበት ቦታ መሆኑ ገብቷታል።

ያነበበችው ግን እሷ ብቻ ናት። ትጋት አይደለም፤ ፊቷ የተቀመጠ ነገር ካለ ከዳር እስከ ዳር ሳታይ ማንሳት አትችልበትም። አንዱ ሰነድ ሕሙማኑን "የተከበሩ እንግዶቻችሁ" ይላቸዋል፤ ለሆቴል ጽፈውት የነበረውን ስም ቀይረው ነው ያመጡት። ሌላው ስለ ላቦራቶሪ አንድም ቃል የለውም። አንዱ ደግሞ ከፊት ገጹ በቀር ከሌላው ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። ይህንን አንድ በአንድ በእርሳስ ጽፋ ለኮሚቴው ሰጠች፤ አምስቱ ወደቁ። ሁለት ቀሩ። አንደኛው የራሱ ባለመስታወት ሕንፃ ያለው፣ ለባንኮች የሚሠራ ድርጅት ነው፤ "ትልቁ" አሉት። ሌላው ከጫማ መደብር በላይ ሁለት ክፍል የተከራዩ አራት ሰዎች ናቸው፤ "ትንሹ" ተባለ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የቤታቸው የፊት ክፍል ሱቁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ሰነዶች ይዛ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ የተቆረጠ ጨርቅ የተከመረበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

"የቱን ልትመርጡ ነው?" አላት መርፌ ቁልፎቹን በጥርሱ እንደያዘ።

"እንጃ።"

"ዋጋ ተናግረዋል?"

"ሁለቱም።"

"መጥተው አይተዋችኋል?"

"ትልቁ አልመጣም። ትንሹ ዋጋዬ ግምት ነው፣ መጥቼ ካየሁ በኋላ ይስተካከላል ብሎ ጽፏል።"

መርፌ ቁልፎቹን ከአፉ አወጣ። "እንግዲህ እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። ሳይለካኝ ቁርጥ ዋጋ የሚነግረኝ ልብስ ሰፊ ወይ ለሌላ ሰው የሰፋውን ሊያለብሰኝ ነው፣ ወይ ከጨርቄ ሊያስቀር ነው።"

"እሺ" አለች።

"ኧረ እሺሽ ሰለቸኝ አንቺ ሴት! እስቲ አንድ ቀን እንኳ እምቢ በዪኝ። ድሮ እምቢታሽ አይደል እንዴ የማረከኝ?"

ሊያስቃት እንደሆነ ታውቃለች። የምትመልስለት ነገር ፈለገች፤ እንደ ባዶ ኪስ ብትዳብሰው ምንም የለም። "የታችኛው ክር አልቋል" አለችው። ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም የሱሪውን ግማሽ እግር ያለ ክር ሲሰፋ ቆይቷል። እሱ በራሱ ሳቀ፤ እሷ ሰነዷን ገለጠች።

ማክሰኞ ትልቁ መጣ። የሽያጭ ኃላፊው ሙሉ ልብሱ ከሰውነቱ ጋር የተወለደ ይመስላል፤ አፉም የተባ ነው። ለእያንዳንዳቸው የድርጅቱ ስም የተቀረጸበት እስክሪብቶ ሰጠ። በስክሪኑ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ሥዕሎች አንዱ ባንዱ ላይ ተፈራረቁ። "ስህተት ዜሮ" የሚል ቃል በትልቁ ወጣ። የፋይናንስ ኃላፊው አንገቱን በእሺታ እየነቀነቀ ማስታወሻ ያዘ።

ጥያቄ ያለው ሲባል ማይክሮ እጇን አነሳች።

"ሁለት ሰዎች ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ቢሆንስ?"

ክፍሉ ቀዘቀዘ። ሰውየው ግን ነገሩን አያውቅምና ፈገግ አለ። "ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል።"

"ቁጥሩን የሚጽፈው ሰው ቢሳሳትስ?"

"እሱማ የተጠቃሚ ስህተት ነው። ሲስተሙን አይመለከትም።"

"እሺ" አለችና በሰጣት እስክሪብቶ 'የተጠቃሚ ስህተት' ብላ ጻፈች።

ከስብሰባው ሲወጡ ማትሮኗ ክንዷን ያዘቻት። "ስሚ፣ አፍ እንደሆነ ሁሉም አፍ አለው። የሠሩላቸውን ሰዎች ሄደን እንጠይቅ።" በማግስቱ አብረው ሄዱ። መጀመሪያ ትልቁ ሲስተም ወደዘረጋበት ሌላ ሆስፒታል ነው የገቡት። የዚያ ላቦራቶሪ ኃላፊ ጠና ያለ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አቧራ እንዳይጠጣ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል፤ ከጎኑ ወፍራም መዝገብ ተዘርግቷል።

"ቀን ቀን መዝገቡ ላይ እንጽፋለን" አላቸው። "ከዚያ ሥራ ቀለል ሲል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገለብጠዋል።"

"ይገለብጠዋል?" አለች ማይክሮ።

"ይገለብጠዋል። ስክሪኑ በጣም ይዘገያል፤ ወረፋ ቆሞ ማን ይጠብቀዋል? ነግረናቸዋል። የአቤቱታ ቁጥር ሰጥተውናል።" መሳቢያውን ከፍቶ የታጠፈ ወረቀት አሳያቸው። "ይኸው ቁጥሩ። አሥራ አንድ ወር ሆነው፤ ልጅ ቢሆን ይድህ ነበር።"

ከዚያ ትንሹ ወደሠራለት የዓይን ክሊኒክ ሄዱ። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ምላሷን አልቆጠበችም። "ሁለት ወር አዘግይተውናል፤ ኧረ ስንቴ ተጨቃጭቀናል! መልኩም ያን ያህል አያምርም" አለች። "ግን ስደውል ያነሳሉ። አንዴ ፕሮግራመሯ ራሷ መጥታ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ግማሽ ቀን ሕመምተኛ መዘገበች። አጠፋች፣ ደነገጠች፣ ሄዳ አስተካከለችው።"

ትንሹ ለማስረዳት በተቀጠረበት ቀን ስክሪን አላመጣም። ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዲት አጭር፣ ጉንፋን የያዛት፣ መሐረብ ከእጇ የማይለይ ፕሮግራመርና፣ ከሰላምታ በቀር አንድም ቃል ያልተነፈሰ ረጅም የሥራ ባልደረባዋ። ፕሮግራመሯ ለኮሚቴው አሥር ደቂቃ ተናግራ ሲያበቃ "ከፈቀዳችሁልን ሁለት ጠዋት ላቦራቶሪው ውስጥ ጥግ ይዘን እንቀመጥ። ያላየሁትን ሥራ መሥራት አልችልበትም" አለች። ዳይሬክተሩ የፋይናንስ ኃላፊውን አየው፤ የፋይናንስ ኃላፊው ሰዓቱን። ፈቀዱላቸው።

ሁለት ጠዋት ተቀመጡ። ናሙና ሲመጣ፣ ሲመዘገብ፣ መሣሪያው ውስጥ ሲገባ፣ ውጤቱ ሲጻፍ፣ ወረቀቱ በየክፍሉ ሳጥን ውስጥ ሲከተት አዩ። ረጅሙ ሰው ዝም ብሎ እርምጃ ይቆጥራል። ፕሮግራመሯ እያነጠሰች ይቅርታ ትጠይቃለች። በሁለተኛው ቀን፣ ሥራው ጋብ ሲል ወንበሯን ወደ ማይክሮ አስጠጋች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለመጨረሻ ጊዜ ውጤት ተሳስቶ የሄደው መቼ ነው? እንዴት ነበር?"

ባልደረቦቿ እጃቸው ባለበት ቆመ። አንዷ ብርጭቆ ልታጥብ የከፈተችውን ውሃ ዘጋች። ማይክሮ ግን ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሁለቱን ሴቶች ዕድሜ፣ ሁለቱን ቁጥሮች፣ ሁሉንም እንደ ገበያ ዝርዝር ተናገረች። "ከዚያ ሞተች" አለች መጨረሻ ላይ።

ፕሮግራመሯ መሐረቧን ጨበጠች። አይዞዎት አላለችም፤ ያልፋል አላለችም። ወደ ጠረጴዛው ዞራ "የት ተቀምጠው ነበር?" አለች።

"እዚሁ።"

"መዝገቡስ?"

"እዚሁ፣ በግራዬ።"

"ሁለቱ ስሞች በመዝገቡ ላይ ይቀራረቡ ነበር?"

"አምስት መስመር ነበር በመሃላቸው።"

"ሲገለብጡ ነበር። ስሙን አገኙት፣ ከዚያስ? ዓይንዎን ከመዝገቡ ያነሳልዎት ነገር ነበር?"

ማይክሮ አሰበች። አጣሪ ኮሚቴው ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ማን እንደፈረመ፣ መመሪያው ምን እንደሚል ጠይቋት ነበር። ይህን ማንም አልጠየቃትም። "ስልክ ጮኸ" አለች ቀስ ብላ። "ከሕፃናት ክፍል ነበር። አነሳሁት። ስመለስ ስሙን ፈለግኩና አገኘሁት። የታችኛውን።"

"የቱ ስልክ?"

ማይክሮ በአገጯ አመለከተች። ስልኩ ከመዝገቡ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ጥቁር ነው፤ መነጋገሪያው በብዙ እጅ ተሻሽቶ ነጥቷል። ዛሬም እዚያው ነው። ሦስት ወር ተኩል፣ አሥራ አራት ገጽ፣ ሁለት ኮሚቴ አልፎታል፤ ማንም ንክች አላደረገውም። በዚያ ጠዋት ብቻ አሥራ ሰባት ጊዜ ጮኋል፤ ረጅሙ ሰው ቆጥሮት ኖሮ ደብተሩን ዘርግቶ አሳያቸው።

"እኛን ብትመርጡም ባትመርጡም" አለች ፕሮግራመሯ፣ "እባክዎ እሱን ስልክ ዛሬውኑ ያስነሱት። በር አጠገብ ይሁንና ሌላ ሰው ይመልሰው። ሶፍትዌር አያስፈልገውም።"

ስልኩ በዚያው ቀን ተነሳ። ገመዱ የነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጭ መስመር ቀረ። ማይክሮ መስመሩን ስታይ ልትቆጣ፣ ልትጮህ፣ አንድ ነገር ልትሆን ይገባት እንደነበር ገባት። ቀጣዩን ናሙና አነሳች።

ኮሚቴው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው ሐሙስ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው መጀመሪያ ተናገረ፤ ሞኝ ሰው አይደለም። "ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አልካድኩም። ግን አራት ሰው ናቸው። ሁለቱ ጉንፋን ቢይዛቸው ድርጅቱ ተዘጋ ማለት ነው። ትልቁ ቢያጠፋ ሕንፃ አለው፣ እናገኘዋለን። እነዚህ ቢጠፉ ማንን ልንከስ ነው፣ ጫማ መደብሩን?"

ፋርማሲስቱ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ማይክሮን አያት።

"የትልቁን ሰውዬ ሰው ቢሳሳትስ አልኩት" አለች። "የተጠቃሚ ስህተት ነው አለኝ። ተጠቃሚዋ እኔ ነኝ። የዚያኛው ሆስፒታል ሰዎች ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ። እኔ የገደልኩት ስገለብጥ ነው። መገልበጡ ካልቀረልን ኮምፒውተሩ ምን ሊያደርግልን? ትንሹ ስልኩን አይቶታል። እኛ አላየነውም።"

"ገደልኩ አይባልም እኮ" አለ ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ።

"እሺ።"

ማትሮኗ ለትንሹ ድምፅ ሰጠች፤ ማይክሮም። ፋርማሲስቱና የፋይናንስ ኃላፊው ለትልቁ ሰጡ። ዳይሬክተሩ ግንባሩን ሲያሽ ቆየና "ትንሹ ይሁን፣ ግን በቅድመ ሁኔታ" አለ። ክፍያው ሥራውን በተረከቡት መጠን ይሆናል፤ ነገሩ መንገድ ላይ ቢቀር እስከዚያ የተሠራው ሁሉ የሆስፒታሉ ንብረት ሆኖ ሌላ ሰው እንዲቀጥለው ሰነዱ አብሮ ይሰጣል። ይህችን ሐሳብ ያመጣት ራሱ የፋይናንስ ኃላፊው ነው። ከተሸነፈ በኋላም ሥራውን አልተወም።

ትንሹ እንደተወራለት ዘገየ፤ አምስት ሳምንት። የፋይናንስ ኃላፊው በየሳምንቱ ሰኞ "ጫማ መደብሩ እንዴት አደረ?" ይላል። ለሙከራ ያመጡት የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ የትውልድ ቀኑን የማያውቅ ሰው አልመዘግብም ብሎ ግማሹን ሕመምተኛ መለሰ። ማይክሮ ርክክቡን አልፈርምም አለች። ፕሮግራመሯ አልተከራከረችም፤ አሥር ቀን ወስዳ አስተካከለችው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የደም ብልቃጥ የራሱ ምልክት ተለጥፎበት መሣሪያው ራሱ ያነበዋል፤ ውጤቱም ማንም ሳይገለብጠው በቀጥታ ወደ ክፍሉ ስክሪን ይሄዳል። ስም ከስም ሲገጥም ሁሉም ነገር ቀጥ ይልና ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የካርድ ቁጥርና ዕድሜ ይጠይቃል።

በሁለተኛው ወር ሲስተሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ሁለት ጎልማሶች ናቸው፤ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ። ማይክሮ ሁለቱን ቁጥሮች ከብልቃጦቹ ጋር አመሳከረችና አረጋገጠች፤ ሲስተሙ ቀጠለ። ሁሉም ወደ እሷ እያየ ነበር። እሷም ወደ ራሷ ተመለከተች፤ እፎይታ፣ ለቅሶ፣ የሆነ ነገር ይመጣ እንደሆን ጠበቀች። የሚቀጥለው ብልቃጥ መጣ።

በዚያው ሳምንት ፕሮግራመሯ የስልጠና ጽሑፍ ልታዘጋጅ መጣች። "እትዬ፣ ስም ሳይጠቀስ የዚያችን ሴት ነገር ለማስተማሪያ ልንጽፈው እንችላለን? ሠራተኛው ሲስተሙ ለምን እንደሚያቆመው ካልገባው ቁልፉን እየተጫነ ያልፈዋል።" ከዚያ ጨመረች፤ "ቤተሰቦቿ መቼም እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ፣ አይደል?"

ማይክሮ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየቻት። "አያውቁም" አለች።

ያን ቀን ከሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ወደ ሟች ባል ልትሄድ መሆኑን ነገረችው።

"ጉዳዩ ተዘግቷል እኮ እትዬ" አለ። "የሕግ ክፍሉን ሳናማክር እንዲህ ያለ ነገር... ቢያንስ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።"

"ልጠይቅዎት አልመጣሁም፤ ልነግርዎት ነው።"

መሳቢያውን ከፍቶ የአጣሪ ኮሚቴውን ሪፖርት አንድ ቅጂ አወጣና ጠረጴዛው ዳር ላይ አኖረው። አንሺው አላላትም፣ አታንሺውም አላላትም። አነሳችው።

ባልየው አናጢ ነው። ሥራ ቤቱ በዋናው መንገድ ላይ፣ ከጎማ ጠጋኝ አጠገብ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ቤት ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስትደርስ አንድ በር በሁለት እንጨት ላይ አጋድሞ እየላገ ነበር። ደንበኛ መስላው "ይግቡ" አለ። ማን እንደሆነች ነገረችው። መላጊያው አልቆመም። ለፕሮግራመሯ እንደነገረቻት ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ስም፣ መዝገቡ፣ ስልኩ፣ የጻፈችው ቁጥር። የእንጨት ልጣጩ እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ይወድቃል። "የጻፍኩት እኔ ነኝ" ስትለው መላጊያው ቆመ።

"የሷ ትክክለኛው ስንት ነበር?" አለ ቀና ሳይል።

"ዘጠና ሁለት።"

"ዘጠና ሁለት ጥሩ ነው?"

"ጥሩ ነው። ጤነኛ ነበረች።"

እጁን በሩ ላይ ዘርግቶ ቆየ። "ደክማ ነበር አሉኝ እኮ" አለ። "ሰውነቷ አልቻለም አሉኝ። እኔ ደግሞ ቀድሜ ባሳክማት፣ ሕመሟን ስትነግረኝ ነገ ዛሬ ባልላት እያልኩ ስንት ቀን..." በክንዱ ፊቱን ጠረገ፤ የእንጨት ብናኙ ጉንጩ ላይ ተለጠፈ።

"የእርስዎ ጥፋት የለበትም" አለች ማይክሮ። ሪፖርቱን ካልተላገው የበሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠች። "ሁሉም እዚህ አለ። ስልኩ ብቻ የለም፤ እሱን እኔ በእርሳስ ጨምሬበታለሁ። መክሰስ ከፈለጉ ቀርቤ እመሰክራለሁ።"

"ምን ልበልዎት?" አለ። "ይኸው አቅሙ የለኝም ዛሬ። ልቆጣ ብል አልመጣልኝ አለ። ነገ ልቆጣ እችላለሁ።"

"ሲቆጡ ይደውሉልኝ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውጥቶ ሰጣት። ወረቀት ፈለገች፤ የለም። ከወለሉ ቁራጭ ጣውላ አነሳና አቀበላት። ቁጥሯን ጻፈችበት። ተቀብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመው።

"የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ" አለ። "እማዬ ምን ሆና ነው ትለኛለች። እኔ እንዲህ አድርጌ አልነግራትም፣ አልችልበትም። ስታድግ መጥተው እርስዎ ይነግሯታል?"

"እነግራታለሁ።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ ባሏ የት እንደዋለች ጠየቃት። ነገረችው። ቀልድ አልጀመረም፤ የስፌት መኪናውን አቁሞ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ።

አናጢው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደወለ። የምሳ ሰዓት ነው፤ ማይክሮ ከሆስፒታሉ ግቢ ጀርባ፣ የታጠበ አንሶላ ከሚሰጣበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሃሎ ሳይል ጀመረ። ጮኸባት። ሚስቱ ስታነጥስ እንዴት እንደምትስቅ ነገራት፤ የልጅቷን ጸጉር መሥራት እንደማያውቅበት ነገራት፤ እጅሽ ይቆረጥ አላት፤ ሪፖርቱን አንብቦት አሥራ አራት ገጽ ሙሉ የሚስቱ ስም ሁለት ጊዜ ብቻ እንደተጻፈ ነገራት። መሃል ላይ አለቀሰ፤ ከዚያ እንደገና ጮኸ። ማይክሮ ስልኩን ከጆሮዋ አላራቀችም፤ ይቅርታም ምክንያትም አላስገባችበትም። አንሶላዎቹ ነፋስ ሲመጣ ያብጡና መልሰው ይተኛሉ።

ድምፁ ሲደክም "ሰሙኝ?" አለ፤ ወደ አንቱታው ተመልሶ።

"ሰማሁ" አለች።

ዘጋው። የምሳው ሰዓት እስኪያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። እዚያው ተቀምጣ ጨረሰችው፤ ከዚያ ተነስታ ገባች።